«ነፃ ሆና የመጣች»፦ የግዞተኛዋ ሜሪ ሪቢ ሕይወት እና የእኛ ቅጽ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ የሚጠበቀው የገቢና የወጪ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ውስጥ ስለተካተተ አንደግመውም። ይልቅ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስለምንሰጥበት ጉዳይ ትንሽ ልንነጋገር ፈለግን። ጉዳዩ ፍርዳቸውን ጨርሰው ከማረሚያ ቤት የወጡ ሴቶችን በቁጠባና ብድር ቡድኖቻችን እንደማንኛዋም አመልካች እንቀበል ወይስ አንቀበል የሚለው ነው። ክርክሩ በየቡድኑ ሲሞቅ ከርሟል። ዛሬ አንዲት ሴት ስለ ኖረችው ሕይወት እናውራችሁ፤ ከዚያ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለሳለን። ሴትዮዋ የኖረችው ከ200 ዓመት በፊት፣ ከእኛ እጅግ በራቀ አገር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ስሟ ሞሊ ሄይዶክ ነው። በ1777 እንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር በሚባለው ግዛት ተወለደች። ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ነፍስ ስታውቅ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ከዚያም ጠፋች። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟንም የወንድ ስም አድርጋ ስትንከራተት በ1791 በፈረስ ስርቆት ተይዛ ስታፎርድ በምትባል ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበች። ሴት መሆኗ የታወቀው በችሎቱ ነው። ዕድሜዋ ገና 14 ነበር። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ፈረስ መስረቅ በሞት ያስቀጣ ነበር። በሞሊ ላይ የተፈረደው ግን የ7 ዓመት ግዞት ነው።

ግዞት ማለት ምን ማለት እንደነበር ጥቂት እናብራራ። እንግሊዝ ቀደም ሲል ወንጀለኞቿን በመርከብ ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር። አሜሪካውያን በጦርነት ነፃነታቸውን ሲወስዱ ያ መንገድ ተዘጋ። እስር ቤቶች ሞሉ፤ ወንዝ ላይ የቆሙ አሮጌ መርከቦች ሳይቀሩ እስር ቤት ሆኑ። ስለዚህ መንግሥት ከ1788 ጀምሮ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ብሎ ወደ ሰየመው ቅኝ ግዛት መላክ ጀመረ። ግዞቱ በ1868 እስኪቆም ድረስ 162,000 ያህል ሰዎች ወደ አውስትራሊያ ተግዘዋል። ከእነሱ ውስጥ ሴቶቹ 25,000 ያህል ነበሩ። አብዛኞቹ ሴቶች የተፈረደባቸው በስርቆት ነው፤ ጨርቅ፣ ምግብ፣ የአሠሪ ዕቃ፣ ጥቂት ገንዘብ። ቅጣቱ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ሰባት ዓመቱ ቢያልቅም የመመለሻ መርከብ የሚከፍል መንግሥት አልነበረም። ስለዚህ ለብዙዎቹ ሴቶች ሰባት ዓመት ማለት ከእናት፣ ከእህትና ከልጅ ለሁልጊዜ መለየት ማለት ነበር።

ሞሊ ሮያል አድሚራል በምትባል መርከብ ተጭና ከአራት ወር በላይ ባሕር ላይ ቆየች። በ1792 በጥቅምት ወር ሲድኒ ደረሰች። እንደደረሰች ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀጣች እንኳ ግራ መጋባቷን፣ ዕድሜ ልክ ነው የሚሏት ሰዎች መኖራቸውንና ይህም ማዘኗን እንዳበዛው ትነግራቸዋለች። ቢሆንም ባለችበት ሁኔታ የቻለችውን ያህል ደስ ብሏት ለመኖር እንደምትሞክር ታጽናናቸዋለች። የ15 ዓመት ልጅ አክስቷን ስታጽናና ማለት ነው።

ሲድኒ ላይ የሴት ግዞተኛ ዕጣ በአብዛኛው ለአንድ ቤተሰብ አገልጋይ ሆኖ መመደብ ነበር። ሞሊም ሻለቃ ፍራንሲስ ግሮስ በተባለ የጦር ሹም ቤት ሞግዚት እንድትሆን ተመደበች። በ1794፣ በ17 ዓመቷ፣ ቶማስ ሪቢ ከሚባል ነፃ አየርላንዳዊ ጋር ተጋባች። ከዚህ በኋላ የምትታወቀው ሜሪ ሪቢ በሚለው ስም ነው።

ባልና ሚስቱ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር መሬት ተሰጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሂሳቡ ጎደሎ ይሆናል። መሬቱን የሰጠው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ በዚያ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ ይኖር የነበረው ግን የዳሩግ ሕዝብ ነው። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አልከፈለውም። ቅኝ ግዛቱ ለተፈረደባቸው እንግሊዛውያን አዲስ ኑሮ የከፈተው የሌሎችን አገር ወስዶ ነው። የሜሪን ጥንካሬ ስናደንቅ ይህንንም አብረን እንያዝ።

ቶማስ በወንዙ ዳር የሚመረተውን እህል በጀልባ ወደ ሲድኒ ማመላለስ ጀመረ። ጀልባው መርከብ ሆነ፤ ንግዱም ወደ ድንጋይ ከሰል፣ ወደ እንጨት፣ ወደ ቆዳ ሰፋ፤ ከዚያ ወደ ፓስፊክ ደሴቶችና ወደ እስያ ተሻገረ። ቶማስ ባሕር ላይ ሲከርም ሱቁንና መጋዘኑን የምታስተዳድረው፣ ከደንበኞች ጋር የምትተሳሰበው ሜሪ ነበረች። ልጆችም እየወለደች ነው፤ ሦስት ወንዶችና አራት ሴቶች።

በ1811 ቶማስ ሞተ። የንግድ ሸሪካቸውም ከእሱ ሞት በኋላ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ሜሪ በ33 ዓመቷ ሰባት ልጆች፣ መርከቦች፣ መጋዘን፣ እርሻና የማይቆጠር የዱቤ መዝገብ ይዛ ብቻዋን ቀረች።

እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች የሕይወቷን ታሪክ ስናነብ ቆም ብለን ያሰብነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ እንዲህ ያሉ ሴቶች ሲወራ «በጥረቷ ተነሳች» ተብሎ ይታለፋል። ጥረቷ አይካድም። ነገር ግን ጥረት ብቻውን ሰው አያነሳም፤ ሌሎች ሁለት ነገሮች ነበሯት።

አንደኛው ሥራውን ቀድማ ማወቋ ነው። ባሏ ሲሞት መዝገቡ ለእሷ እንግዳ አልነበረም። ማን ስንት እንዳለበት፣ የትኛው መርከብ የት እንዳለ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያተርፍ ታውቅ ነበር። ከአባሎቻችን መካከል ባል ሲሞት ወይም ሲሄድ የቤቱን ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለዕዳው አፍ የሰማችሁ አላችሁ። ስለዚህ ነው በየስልጠናው መዝገብ ያዙ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ የቤቱንም ሂሳብ እወቁ እያልን የምናሰለቻችሁ።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት በስሟ ንብረት ሊኖራት አይችልም ነበር፤ የእሷ የሆነው ሁሉ የባሏ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ንብረቷን በስሟ እንድትይዝ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው በ1882 በወጣ ሕግ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን መግዛት፣ መሸጥ፣ መፈረም፣ መክሰስና መከሰስ ትችል ነበር። የሜሪ የግዞት ዘመን ደግሞ ቀድሞ አልቋል። ስለዚህ በ1811 በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ሆና ቆመች፤ ፊርማዋ ፊርማ ነበር።

ፊርማዋን ተጠቀመችበት። በ1812 በሲድኒ ጆርጅ ጎዳና አዲስ መጋዘን ከፈተች። መርከቦች ጨመረች። በ1816 የሀብቷ ግምት 20,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ቅኝ ግዛት እጅግ ትልቅ ሀብት ነው። በ1817 የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ባንክ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ፣ ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው ማኳሪ ፕሌስ በሚባለው ቦታ ከሜሪ ሪቢ በተከራየው ቤት ውስጥ ነው። ያ ባንክ ዛሬ ዌስትፓክ ተብሎ ይጠራል። በ14 ዓመቷ በስርቆት የተፈረደባት ልጅ ባንክ የሚከራያት ባለቤት ሆነች።

ጨዋ ነጋዴ ብቻ ነበረች ብለን ግን አናታልላችሁ። በዚያው በ1817 ከተበዳሪዎቿ አንዱን በመደብደብ ተከሳ ጥፋተኛ ተብላለች። የብድር ኮሚቴ አባሎቻችን ይህንን ስትሰሙ መሳቃችሁን እያየን ነው። ይህንኛውን ትምህርት እንድትወስዱ አንመክርም!

እህቶቻችን፣ ሁሉም ግዞተኛ ሴት እንደ ሜሪ አልሆነችም። ሲድኒ አቅራቢያ ፓራማታ በምትባል ከተማ «የሴቶች ፋብሪካ» የሚባል ግቢ ነበር። አሠሪ ያላገኙ፣ ያረገዙ፣ እንደገና ያጠፉ ሴቶች እዚያ ይገባሉ፤ ክር ይፈትላሉ፣ ጨርቅ ይሠራሉ። ጸጉርን መላጨት አንዱ ቅጣት ነበር። በ1827 የምግብ ድርሻቸው ሲቀነስ ሴቶቹ በሩን ሰብረው ዳቦ ፍለጋ ወደ ከተማው ወጥተዋል። ከእነዚያ ሴቶች የብዙዎቹ ስም የቀረው በቅጣት መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ሜሪ ከእነሱ የበለጠ ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም የተለየችው። በጊዜው ያገባች፣ መሬት ያገኘች፣ ሥራ የለመደች፣ የምትፈርምበት መብት ያገኘች ስለሆነችም ነው። በር የተከፈተላትና በር የተዘጋባት ሴት ፉክክራቸው እኩል አይደለም።

በሩን ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ከ1810 እስከ 1821 ቅኝ ግዛቱን ያስተዳደሩት ገዢ ላክላን ማኳሪ ነበሩ። የእሳቸው አቋም ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ወደ ቀድሞ ክብሩ ይመለስ የሚል ነበር። ነፃ የወጡ ግዞተኞችን በማዕዳቸው ተቀበሉ፣ ሾሙም። በዚህ የተቆጡ ነፃ ሰፋሪዎች ነበሩ። ለእነሱ አንዴ የተፈረደበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተፈረደበት ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ገበታ መቀመጥ ውርደት ነው። የአገራችን ሰው የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1820 ሜሪ ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ የተወለደችበትን አካባቢ አየች፤ በ1821 ተመልሳ ሲድኒ ገባች። በ1825 ከአንድ ትምህርት ቤት የበላይ ጠባቂዎች አንዷ ሆና ተመረጠች። በ1828 በቅኝ ግዛቱ የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። ቆጣሪው እያንዳንዱን ሰው እንዴት እንደመጣ ይጠይቃል፤ በግዞት ነው ወይስ በነፃነት? ሜሪ ሪቢ የመለሰችው በ1821 ነፃ ሆና እንደመጣች ነው።

በሂሳብ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህንን መልስ በደንብ ተመልከቱት። ውሸት አይደለም። በ1821 በእርግጥ ነፃ ሰው ሆና፣ የመርከብ ዋጋዋን ከፍላ መጥታለች። ግን በ1792 የመጣችበት መርከብ ከመዝገቡ ወጥቷል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሂሳቡ ግን አይዘጋም። ለምን እንዲህ መለሰች? ዕድሜዋ 51 ነበር፤ ሀብታም ናት፣ የተከበረች ናት፣ ቅጣቷ ካለቀ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እሷ እንኳን ያንን መስመር መጻፍ አልደፈረችም። ቅጣቱ አለቀ፤ ጥያቄው ግን አላለቀም።

ሜሪ ሪቢ በ1855 አረፈች። የልጅ ልጇ በኋላ የታስማኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ የእሷ ምስል በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ብር ላይ ታትሟል። በቆጠራው ቅጽ ላይ የደበቀችውን ታሪክ ዛሬ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ይችላል፤ የሚያፍርበትም የለም። ያሳዝናል፤ ይህ ክብር የመጣው ለእሷ ምንም በማይጠቅማት ጊዜ ነው።

ወደ ራሳችን ቅጽ እንመለስ። የአባልነት ማመልከቻችን ላይ «ባለፉት 5 ዓመታት የኖሩበት አድራሻ» የሚል መስመር አለ። በዚህ ዓመት ካመለከቱት አንዷ፣ ራሷ ፈቅዳልን ስሟን ሳንጠቅስ እንነግራችኋለን፣ በመስመሩ ላይ «ገጠር፣ እናቴ ጋ» ብላ ጻፈች። እውነት ነው፤ ወራት ያህል እናቷ ጋ ኖራለች። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ግን የማረሚያ ቤት ናቸው። ይህንን ኋላ ቢሮ መጥታ የነገረችን ራሷ ናት። «ከጻፍኩት አትቀበሉኝም፤ ካልጻፍኩትም እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችን። ባልትና ትሠራለች፤ ሽሮና በርበሬዋን የቀመሰ ይመሰክራል። የምትጠይቀው የወፍጮና የበርበሬ መግዣ የሚሆን ትንሽ ብድር ነው። ማመልከቻዋ የዛሬውን ድምፅ እየጠበቀ ነው።

የተቃወሙትን እህቶች ሐሳብ አናጣጥልም። አንዲት ታላቃችን በቡድን ስብሰባ ላይ «ልጆቼ፣ እኔ የማስቀምጠው ከጉሊት የማገኛትን ሳንቲም ነው፤ ብትጠፋ ማን ይመልስልኛል?» ብለዋል። ትክክል ናቸው። በዚህ ማህበር ሣጥን ውስጥ ያለው የማንም ትርፍ ገንዘብ አይደለም። ደጋፊዎቻችንም የሰጡትን በአደራ እንድንይዝ ነው የሰጡን። የሂሳብ ክፍል የመጀመሪያ ሥራው ይህንን መጠበቅ ነው።

ጥያቄያችን ግን ይህ ነው። ገንዘባችንን የሚጠብቀው የትኛው መስመር ነው? ብድር የሚመለሰው ተበዳሪዋ የት እንደነበረች በመታወቁ አይደለም። የሚመለሰው በየሳምንቱ መቆጠብ ስለለመደች፣ የመጀመሪያው ብድር ከአቅሟ በላይ ስላልሆነ፣ የቡድኗ ሴቶች ዋስ ስለሆኑላትና ሥራዋን ስላዩ ነው። እነዚህን ሁሉ ለማንኛዋም አባል እንጠይቃለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለውም ለዚህ ነው። የአድራሻው መስመር ግን ከዚህ አንዱንም አይነግረንም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ልትታመን የመጣችውን ሴት በመጀመሪያው ቀን ግማሽ እውነት ያስጽፋታል። ከዚያ በኋላ እኛም እንጠረጥራታለን፣ እሷም ትፈራናለች። በፍርሃት የተጀመረ ብድር ደግሞ ጥሩ ብድር አይደለም።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍል ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ የ5 ዓመት አድራሻ የሚጠይቀው መስመር ከቅጹ ይውጣ፤ በምትኩ አሁን የምትኖርበትና የምትሠራበት ቦታ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ከብድር በፊት የመቆጠቢያ ጊዜውና የቡድን ዋስትናው ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ከማረሚያ ቤት ለወጣች አይክበድባት፣ አይቅለልላትም። ሦስተኛ፣ የማህበሩን ገንዘብ ይዛ የምትሠራ፣ ማለትም ገንዘብ ያዥ ወይም ሰብሳቢ፣ እስካሁን እንደነበረው በተለየ ማጣሪያ ትመረጥ። እዚያ ላይ ጥንቃቄው የማንንም ክብር አይነካም።

በሂሳብ ትምህርት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ የተከፈለ ዕዳ ከመዝገብ መዘጋት እንዳለበት ነው። ከፍላ የጨረሰችን ሴት ባለዕዳ አድርጎ የሚያሳይ መዝገብ የተሳሳተ መዝገብ ነው፤ ኦዲተር ቢያየው ይመልሰዋል። ማረሚያ ቤት የገባች ሴት የፈረደባት ፍርድ ቤት ነው፤ የፈረደውም በዓመት ቆጥሮ ነው። ዓመቱን ጨርሳ ስትወጣ የቀረ ሂሳብ የለባትም። ሌላ ዓመት የምንጨምርባት እኛ ማን ነን?

ከሰዓት በኋላ ካርዶቹ ይታደላሉ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ሐሳባችሁን በነፃነት ስጡ፤ የጉሊቷን ሳንቲምና የባልትናዋን ሴት ሁለቱንም አስባችሁ ድምፅ ስጡ። ቅጹን እንደ ውሳኔያችሁ እናስተካክላለን፤ ውጤቱንም በሚቀጥለው ዕትም እናሳውቃችኋለን።